ከዳና እስከ ፕላዝማ፦ የትምህርት ቋንቋ ታሪክ በየጁ ምድር

በወሎ፣ በየጁ ምድር ልጅ በእናቱ ቤት በማይነገር ቋንቋ መማር የጀመረው እንግሊዝኛ ከመጣ ወዲህ አይደለም። ከደሴ ተነስቶ በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ አልፎ ወልድያ የሚገባው የ120 ኪሎ ሜትር መንገድ ግራ ቀኙ የቆየ የትምህርት አገር ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስን አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን የመጻሕፍትና የመምህራን መናኸሪያ አደረጉት። ከወልድያ ወደ ምዕራብ ሲወጣ ላስታና ላሊበላ ይገኛሉ። በሀብሩ ወረዳ በኩል ደግሞ ዳና አለ። ዳና በ19ኛው መቶ ዘመን ከወሎ ስመ ጥር የእስልምና ትምህርት ማዕከላት አንዱ ነበር፤ ደረሳውም (ተማሪውም) ከሩቅ ይመጣበት ነበር። በገዳሙ የሚነበበው ግዕዝ፣ በዳና የሚቀራው ዐረብኛ ነበር። ገበያ የሚወጣበት፣ ልጅ የሚቆጡበት ቋንቋ ግን ሁለቱም አልነበሩም።

ስለዚህ ዛሬ የወልድያና የመርሳ ወላጅ ልጁን በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ለማስገባት ሲጣጣር፣ የራሱን ቋንቋ ንቆ ነው ብሎ ለመውቀስ የሚቸኩል ሰው የአገሩን ታሪክ ዘንግቷል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ በየዘመኑ የመጣው የትምህርት ቋንቋ ለልጁ የደረሰው በምን መሸጋገሪያ ነው? መሸጋገሪያውስ ለማን ተሠራ፣ ለማን ሳይሠራ ቀረ? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

የቆየው ትምህርት ለዚህ ጥያቄ የራሱ መልስ ነበረው። የቆሎ ተማሪው ፊደል ቆጥሮ፣ በመልእክተ ዮሐንስ ንባብ ይጀምራል፤ ከግዕዝ ንባብ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከዚያም ወደ ቁም ንባብ ያልፋል። ዳዊት በሚደግምበት ጊዜ የሚያነበውን ገና አያውቀውም። ምሥጢሩ የሚገለጥለት ቆይቶ፣ ትርጓሜ ቤት ሲገባ ነው፤ የሚገለጥለትም በአማርኛ ነው። መምህሩ ግዕዙን ያነባል፣ ወዲያው ይፈታዋል፣ ከዚያ "አንድም" እያለ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አንዳንዴም አሥረኛውን ሐሳብ ይዘረዝራል። ታሪኩ በአማርኛ ይነገራል፤ ተማሪውም በአማርኛ ይጠይቃል፣ በአማርኛ ይከራከራል። ለብዙ መቶ ዓመታት በቃል ሲወርድ የኖረው የአንድምታ ትርጓሜ ከአማርኛ ስድ ንባብ ቀደምት ሀብቶች አንዱ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በዳናና በመሰሎቹም ሥርዓቱ ብዙ የራቀ አልነበረም። ልጁ ቁርኣኑን በሎሕ (በእንጨት ሰሌዳ) ላይ እየጻፈ፣ እያጠበ፣ እንደገና እየጻፈ ያኸትማል። ፊቅህና ነሕው (ሕግና ሰዋስው) ላይ ሲደርስ ኪታቡ ዐረብኛ ነው፤ ሼሁ ግን ዐረብኛውን እየቀሩ የሚያስረዱት ደረሳው በሚሰማው ቋንቋ ነው፤ በየጁና በብዙው ወሎ ይህ አማርኛ ነበር። ከዚህም አልፈው የወሎ ዑለማዎች በዐረብኛ ፊደል የአማርኛ ግጥም ጻፉ፤ ሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር በዚህ ከሚታወቁት ግንባር ቀደም ናቸው። በሁለቱም ቤት መጽሐፉ ከውጭ መጣ፣ ትምህርቱ ግን በአፍ መፍቻ ቋንቋ ተሰጠ። ሥርዓቱ ጉድለት ነበረበት፤ ከትርጓሜ ሳይደርስ ንባብ ላይ የቀረው ተማሪ ብዙ ነው፣ ሴት ልጆችንም ከሞላ ጎደል በደጅ አስቀርቷል። ሆኖም መምህሩና ተማሪው ሁለቱም በደንብ በሚያውቁት ቋንቋ ሳይነጋገሩ የቀሩበት ጉባኤ አልነበረም።

እንግሊዝኛ ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት የገባበት መንገድ ከወሎ ጋር የተያያዘ አንድ ትልቅ ሰው አለው። በ1860 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ አንድ የጎንደር ተወላጅ ሕፃን በጦር ሜዳው ላይ ተገኘ። የእንግሊዝ መኮንን አንሥቶ ወደ ሕንድ ወሰደው፤ በሚስዮን ትምህርት ቤት አደገ፣ ቻርልስ ማርቲን ተብሎ ተጠራ፣ በላሆር ሕክምና ተማረ፣ በበርማ በሐኪምነት ሠራ። በአድዋ ማግሥት ዓመታት ወደ አገሩ ሲመለስ ትልቅ ሐኪም ነበር፤ ዘመዶቹ ወርቅነህ ብለው ያወጡለትን ስም ያወቀው ግን ያኔ ነው፤ አማርኛውም ጠፍቶት ነበር። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ከሕፃንነት እስከ ሙያ በእንግሊዝኛ ብቻ የተማረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ቢባሉ ከእውነት አይርቅም። እንግሊዝኛ የሚሰጠውን ሁሉ ሰጥቷቸዋል፤ ያስከፈላቸውም ከዚያ አላነሰም። አማርኛን እንደ አዲስ ተምረው፣ ኋላም ለትምህርት ከደከሙት ሰዎች አንዱ ሆኑ።

ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1908 በአዲስ አበባ ያቋቋሙት ትምህርት ቤት መምህራኑ የግብጽ ቅብጦች ነበሩ፤ የትምህርቱም ዋና ነገር የውጭ ቋንቋ ነበር፦ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጣልያንኛ፣ ዐረብኛ። መንግሥት የፈለገው ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር የሚጻጻፍ፣ ጉምሩክና ፖስታ ቤት የሚሠራ ሰው ነበር። ራስ ተፈሪ ሚያዝያ 19 ቀን 1917 የመረቁት የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም በሐኪም ወርቅነህ የበላይ ተመልካችነት ሲከፈት ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይሰጡ ነበር። የባቡሩ መንገድ የፈረንሳይ ነበርና በተግባር ፈረንሳይኛ ይበልጥ ነበር። በኋላ አማካሪ ሆኖ የመጣው አሜሪካዊው ኧርነስት ወርክ ልጆች በአማርኛ መማር አለባቸው፣ ትምህርቱም ከአገሩ ኑሮ መነሳት አለበት ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ሳይፈጸም ጣልያን መጣ።

ወረራው ያደረሰው ጉዳት በሕንፃ አይለካም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 በኋላ በነበሩት ሳምንታት ጣልያን የተማረውን ወጣት እየለቀመ ገደለ፤ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ያወቀው ትውልድ ከሞላ ጎደል ተቆረጠ። በ1933 ነፃነት ሲመለስ ትምህርት ሚኒስቴር ሥራውን የጀመረው ከዚህ ባዶ ቦታ ነው። ያኔ በአዲስ አበባ የነበረው ጦር የእንግሊዝ ነው፤ በ1934 የተፈረመውም ስምምነት ከእንግሊዝ ጋር ነው፤ አማካሪውም፣ መጽሐፉም፣ መምህሩም ከዚያው መጣ። እንግሊዝኛ የኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቋንቋ የሆነው እንዲህ ነው። ልጆች በየትኛው ቋንቋ የተሻለ ይማራሉ ተብሎ የተጠና ነገር አልነበረም። የጦርነቱ ውጤት ወሰነው።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ሄደ። በ1935 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኮተቤ ተከፈተ፤ በ1938 ጄነራል ዊንጌት ተከተለ። ጎበዞቹ ተማሪዎች ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ማትሪክ ይቀመጡ ነበር። በ1943 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ ሉሲየን ማት መሪነት ሥራ ሲጀምር ከፊዚክስ እስከ ፍልስፍና የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ሆነ። ከዚህ ቀን ጀምሮ ለማንኛውም የጠቅላይ ግዛት ልጅ ነገሩ አንድ ነበር፦ ያለ እንግሊዝኛ ዩኒቨርሲቲ የለም፤ ያለ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከፍ ያለ ሹመትም ሙያም የለም።

በነዚያው ዓመታት በአዲስ አበባ ሌላ ዓይነት ትምህርት ቤት እየበቀለ ነበር። በጎጃም አርበኞችን ከእንግሊዝ ጦር ጋር ያገናኙት የብርጋዴር ዳንኤል ሳንድፎርድ ባለቤት ክርስቲን ሳንድፎርድ በጥቂት ልጆች የጀመሩት የእንግሊዝ ትምህርት ቤት ዛሬ ሳንድፎርድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ተብሎ የሚታወቀው ነው። ፈረንሳዮች በ1939 እና 1940 መካከል ሊሴ ገብረ ማርያምን ከፈቱ። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 አዲስ አበባ ላይ ሲቋቋሙ ከተማው በዲፕሎማት ተሞላ፤ የአሜሪካ ማኅበረሰብ ትምህርት ቤትም (የዛሬው አይ ሲ ኤስ) በዚያው ሰሞን ተመሠረተ።

እነዚህ ትምህርት ቤቶች ለተማሪና ለቤተሰብ የሚሰጡት ምንድን ነው? አባትና እናት ከናይሮቢ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ወደ ጄኔቫ ቢዛወሩ የልጁ ትምህርት አይቋረጥም። ልጁ ከአፀደ ሕፃናት ጀምሮ በአንድ ቋንቋ ይጓዛል፤ ሰባተኛ ክፍል ወይም ዘጠነኛ ክፍል ደርሶ በድንገት ቋንቋ አይለወጥበትም። ሲጨርስ የሚይዘው የአይ ጂ ሲ ኤስ ኢ ወይም የአይ ቢ ምስክር ወረቀት በብዙ አገር ዩኒቨርሲቲ ተቀባይ አለው። ክፍሉ በጥቂት ተማሪ ይያዛል፤ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ እንግሊዝኛው ያልጠናለት ልጅ ለብቻው የሚደግፈው መምህር ያገኛል። የመጨረሻው ነገር ከሁሉ ይበልጥብኛል። ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ለሚማር ልጅ መሸጋገሪያ ይሠራል፤ ለዚህም መምህር ይቀጥራል፣ ገንዘብ ያወጣል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ የሚታሰብበት ቤት ይህን ማድረግ ይችላል። የወሎ ልጅ ያገኘው እንግሊዝኛውን ነው፤ ድጋፉን ግን አላገኘም።

የየጁ ልጅ ለረጅም ጊዜ ከፍ ያለውን ትምህርት የሚያገኘው ወደ ደሴ ወርዶ ነበር። እዚያ የነበረው ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ነው፤ ስሙ ለእቴጌ መነን እናት፣ ለንጉሥ ሚካኤል ልጅ መታሰቢያ የተሰጠ። ከየወረዳው የተላከ ልጅ ዘመድ ቤት ወይም ኪራይ ቤት እያደረ፣ ከቤቱ የሚላክለትን ስንቅ እየበላ ይማር ነበር። መምህራኑ ሕንዶች፣ እንግሊዞች፣ ቆይተውም አሜሪካውያን ነበሩ። በ1955 መጀመሪያ ከ270 በላይ የሚሆኑ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች አገሪቱ ሲገቡ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተመደቡት በብዙ ቦታ ነው፤ ደሴም አንዷ ነበረች። ቀጥሎም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥተው የሚያገለግሉበት ደንብ ወጣ፤ አብዛኞቹ የተላኩት ለማስተማር ነው። የትምህርቱ ጥራት ያኔ ወርዶ ነበር ለማለት አይቻልም። ለዚያ ትውልድ እንግሊዝኛ እውነተኛ መስኮት ሆኖለታል፤ መጽሐፍ፣ ጋዜጣ፣ የአፍሪካ ነፃነት ዜና፣ የቬትናም ክርክር ሁሉ የገባው በዚያ ነው።

ከዚያ ትምህርት ቤት የወጣው በጣም የታወቀ ሰው ዋለልኝ መኮንን ነው። ኅዳር 1962 በተማሪዎች ማኅበር መጽሔት "ስትራግል" ላይ ያወጣው የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ጥያቄ ጽሑፍ የአገሪቱን ፖለቲካ ለግማሽ መቶ ዓመት አነጋግሯል። በሐሳቡ መስማማትና አለመስማማት የየሰው ጉዳይ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን የወሎ ልጅ ስለ ቋንቋና ስለ ባህል ጭቆና የጻፈውን በእንግሊዝኛ መጻፉ ነው፤ ለነገሩ በዚያ ዩኒቨርሲቲ የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበር።  ወሎ የላካቸው ልጆች ስለ አገራቸው የተከራከሩት አገራቸው በማይሰማው ቋንቋ ነው።

በ1955 እና 1956 መንግሥት አንደኛ ደረጃው በሙሉ በአማርኛ እንዲሰጥ ወሰነ። ከዚያ በፊት እንግሊዝኛ ከአንደኛ ደረጃው መካከል ጀምሮ የትምህርት ቋንቋ ነበር። ለየጁ አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ሒሳብና ሳይንስ ስድስት ዓመት በሚያውቀው ቋንቋ ተማረ። ለአርጎባው፣ ለአፋሩ፣ ለወሎ ኦሮሞው፣ ለኽምጣናው ልጅ ግን አማርኛውም ራሱ ትምህርት ቤት የሚለመድ ነበር፤ ይህ በቅንነት መነገር አለበት። ከዚያም በኋላ ሁሉም በአንድ ቦታ ተገናኙ። ሰባተኛ ክፍል ሲገቡ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ሆነ። ስድስት ዓመት እንደ አንድ ትምህርት ብቻ የተማሩት ቋንቋ በአንድ ክረምት ውስጥ የሁሉም ትምህርት ቋንቋ ሆነ። የቋንቋ ገደሉ የተቆረጠው እዚህ ነው።

ወላጁ ወደ ሁለተኛ ደረጃና ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባውን በር ምን ያህል እንደሚፈልገው የታየው በ1966 ነው። መንግሥት ከዓለም ባንክና ከውጭ ባለሙያዎች ጋር ያስጠናው የትምህርት ዘርፍ ክለሳ ለአብዛኛው ልጅ አራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይበቃዋል፣ ሁለተኛ ደረጃ ለጥቂቶች ይሁን የሚል ነበር። በወረቀት ላይ ሲነበብ አሳማኝ ነው፤ ገንዘብ ለገጠር ይደርሳል፣ ትምህርቱ ከእርሻ ጋር ይገናኛል። ወላጁ ያነበበው ሌላ ነገር ነው። የጌታ ልጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ የእኔ ልጅ ወደ ማረሻ። የካቲት 11 ቀን 1966 መምህራን ሥራ አቆሙ፣ ተማሪና ወላጅም ተከተለ፤ ክለሳው ታገደ፤ የአብዮቱም አንዱ መነሻ ሆነ። ወሎ በዚያው ወራት በረሃብ እየሞተች ነበር። በሚያዝያ 1965 የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች አዲስ አበባ ላይ አሳዩ፤ በጥቅምት 1966 የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ልጁ በረሃብ የሞተበት ገበሬ ትምህርትን ከረሃብ መውጫ አድርጎ ቢያየው አይደንቅም። ክለሳውን የጻፉት ሰዎች ይህን አልተረዱም ብዬ አምናለሁ።

ደርግ በ1968 መጀመሪያ የግል ትምህርት ቤቶችን ወረሰ፤ የውጭ ማኅበረሰብ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ግን ቀጠሉ። በሐምሌ 1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች መጽሐፍ አሳተመ፤ ብዙ አዛውንትና እናቶች በማታ ስማቸውን መጻፍ ተማሩ። ይህ ከዘመኑ መልካም ሥራዎች አንዱ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ግን በእንግሊዝኛ እንደነበረ ቀረ። ትምህርት ቤት በዝቶ፣ የውጭ መምህራን ሄደው፣ እንግሊዝኛ በቅጡ ሳይጠናለት የተመረቀ መምህር እንግሊዝኛ ላልጠናለት ተማሪ የሚያስተምርበት ዑደት ያኔ ተጀመረ።

በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በአንደኛ ደረጃ በየብሔረሰቡ ቋንቋ ይማሩ አለ፤ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ ትምህርት፣ ከዘጠነኛ ጀምሮ እንደ ማስተማሪያ ቋንቋ አደረገ። በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል ክልሎች የየራሳቸውን መንገድ ያዙ። አማራ ክልል ሒሳብንና ሳይንስን በእንግሊዝኛ፣ ሌላውን በአማርኛ አደረገ። ወልድያና መርሳ የነበረ ልጅ ስለዚህ ከአንዱ ክፍለ ጊዜ ወደ ቀጣዩ ሲሻገር የአእምሮውን ቋንቋ ይለውጥ ነበር። ትምህርት ሚኒስቴር አስጠንቶ በ1999 የቀረበው የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋ የተማሩ ልጆች በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳየ። ጥናቱ በሰነድ አለ፤ ወላጁን አላሳመነም። ወላጁ የሚያየው 12ኛ ክፍልን ነው፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ከሆነ ለምን ቀድሞ አይጀመርም ይላል። ይህ አስተያየት ሞኝነት አይደለም፤ ፈተናውን ያዘጋጀው መንግሥት ነው።

በ1997 ደግሞ ፕላዝማ መጣ። ይህን ነገር ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። በክፍሉ ፊት ለፊት በብረት ሳጥን ውስጥ የተቆለፈ ቴሌቪዥን ነበር። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ነበር፤ በሳተላይት ለመላ አገሪቱ በአንድ ሰዓት ይተላለፍ ነበር፤ ወልድያም አርባ ምንጭም ዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ በአንድ ደቂቃ ይጀምር ነበር። መምህሩ መግቢያ ይናገርና ከዚያ ለሠላሳ ደቂቃ ያህል ዝም ይል ነበር። በቴሌቪዥኑ ላይ ያለው አስተማሪ በማይታወቅ ቅላጼ ይናገር፣ ጥያቄ ይጠይቅ፣ ሰከንድ ይቆጠር፣ መልሱን ራሱ ይሰጥ ነበር። የተጠየቀው ነገር ገና እየገባው ያለ ልጅ ምንም ማድረግ አይችልም ነበር፤ ቴሌቪዥኑ አይቆምም፣ አይደግምም ነበር። መብራት ከጠፋ ትምህርቱ ጠፋ። ነገሩን የነደፉት ሰዎች ሐሳባቸው ቅን ነበር፤ የከተማና የገጠር ልጅ እኩል መምህር ይኑረው ነው። ያስቀሩት ነገር ግን የትርጓሜ ቤቱ መምህር ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠራ የኖረውን ነው። ቆም ብሎ፣ የልጁን ፊት አይቶ፣ በሚያውቀው ቋንቋ "አንድም" የሚለው ሰው አፉን እንዲዘጋ ተደረገ። ብልህ መምህራን ቴሌቪዥኑ ሲያበቃ በቀረችው ጥቂት ደቂቃ ሁሉንም በአማርኛ ሲያስረዱ ኖረዋል። በደንቡ የማይፈቀድ ነበር፤ ብዙ ልጅን ያሻገረው ግን እሱ ነው።

ያው ነገር በሀብሩ እርሻ ላይ በሌላ መልክ ይታያል። ስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል በሀብሩ ይገኛል፤ ድርቅን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣት ስም አለው። የምርምር ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው። በመርሳ የነበረው የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በ1990ዎቹ የልማት ሠራተኞችን ሲያሠለጥን መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነበር። ሠልጣኙ ግን ተመርቆ ቀበሌ ሲገባ ገበሬውን የሚያነጋግረው በአማርኛ ነው፤ የመስመር ዘር፣ የማዳበሪያ መጠን፣ የአቀንጭራ መከላከያ ሁሉ በእሱ አፍ ተተርጉሞ ይደርሳል። አንድ የዕውቀት ሥርዓት የሚሠራው በዚህ የመጨረሻ እርምጃ ነው። በእርሻው ላይ ሠራተኛው ደመወዝ ተከፍሎት ሲያስረዳ፣ በክፍል ውስጥ ግን መምህሩ እንዳያስረዳ የተከለከለበት ምክንያት እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በእነዚህ ዓመታት የግል አካዳሚዎች በክልሉ ከተሞች በዙ። የሚያቀርቡትም የዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ትንሽ ጥላ ነው፦ ከኬጂ ጀምሮ እንግሊዝኛ፣ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ያነሰ የክፍል ብዛት፣ ንጹሕ የደንብ ልብስ፣ ጠዋትና ማታ ልጁን የሚያመላልስ ባጃጅ። ክፍያው ለነጋዴና ለመንግሥት ሠራተኛ ይከብዳል እንጂ አይቻልም አይባልም። ከሀብሩ ቀበሌዎች ብዙ ሴት ልጆች ወደ ዐረብ አገር ሄደዋል፤ የላኩትም ገንዘብ ለቤት ክዳን፣ ለበሬ መግዣና ለታናሾቻቸው የትምህርት ክፍያ ሆኗል። በ2006 ሳውዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ይህ የገቢ ምንጭ ለብዙ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ ደረቀ። ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቷን አቋርጣ የሄደች እህት ታናሽ ወንድሟ ኤ ቢ ሲ ዲ እንዲቆጥር ከፍላለች። የእንግሊዝኛ ትምህርት በየጁ ምን ያህል እንደተወደደ ለመናገር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገኝም።

ነገር ግን ከመሠረቱ ያለው ችግር በአካዳሚ አይታለፍም። በ2002 በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደ የንባብ ምዘና 34 በመቶ የሚሆኑ የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች በሚማሩበት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። በአማርኛ ያላነበበ ልጅ በእንግሊዝኛ አያነብም። የዓለም አቀፉ ትምህርት ቤት ልጅ የሚበልጠው በቋንቋው አይደለም፤ ሦስተኛ ክፍል ሲደርስ ማንበብ መቻሉ ነው፣ ቤቱ መጽሐፍ መኖሩ ነው፣ የሳተውን የሚያርምለት ሰው ማግኘቱ ነው። ይህን ሁሉ ለይቶ አውጥቶ እንግሊዝኛውን ብቻ ወደ ወልድያ ማምጣት ይቻላል፤ ርካሹም እሱ ነው።

ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ተማሪ ሲቀበል የየጁ ሕዝብ ዩኒቨርሲቲ በደጁ አገኘ፤ ወደ ደሴ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚደረገው ጉዞ ለብዙዎች አበቃ። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወልድያንና መርሳን አዳረሰ። ከተሞቹ እስከ ታኅሣሥ 2014 በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆዩ፤ ዩኒቨርሲቲውና በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘረፉ፣ ወንበር፣ ኮምፒውተር፣ የላቦራቶሪ ዕቃ ተወሰደ። በጦርነቱ ምክንያት የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከሌላው አገር ጋር ያልተፈተኑ የአካባቢው ተማሪዎች በሁለተኛ ዙር ተፈተኑ። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ከትምህርት ውጪ የሆኑት ልጆች በሚሊዮን ተቆጠሩ።

የ12ኛ ክፍል ፈተና በጥቅምት 2015 ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተሰጠ፤ ኩረጃው ሲዘጋ እውነቱ ወጣ። ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በሚቀጥለው ዓመት 3.2 በመቶ፣ ከዚያም 5.4 በመቶ ሆነ። ብዙ ምክንያት ተዘረዘረ። በጥቂቱ የተነሳው ግን ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ነው፤ ወረቀቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ የፊዚክስ ጥያቄ ከመመለሱ በፊት መነበብ አለበት።

መንግሥት በዚያው በ2015 ሪሚዲያል የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ። የማለፊያ ነጥብ ያላገኙ ነገር ግን ተቀራራቢ ውጤት ያላቸው ልጆች በየዩኒቨርሲቲው ተመድበው የሁለተኛ ደረጃውን ትምህርት ለወራት ይከልሳሉ፤ እንግሊዝኛም ከሚከለሱት አንዱ ነው። በሰባተኛ ክፍል ሊሰጥ ይገባ የነበረው መሸጋገሪያ አሁን በ13ኛው ዓመት እየተሰጠ ነው፤ የሚደርሰውም እስከዚያ ድረስ ትምህርቱን ሳያቋርጥ ለቆየው ልጅ ብቻ ነው።